ስለ ስውር ዱለት ወሬና ስለ ታላላቅ የንግድ ማኅበሮች ነገር

በዚህ ዘመን ታላላቅ የንግድ ማኅበሮች በሰው ኑሮ ሁሉ ውስጥ ገብተዋል። ሰው የሚታጠብበት ሳሙና፥ ሲታመም የሚወስደው መድኃኒት፥ ወደ ሩቅ አገር የሚሳፈርበት አይሮፕላን፥ ሁሉም ፊታቸውን አይቶ በማያውቃቸው ሰዎች እጅ ተሠርቶ የሚመጣ ነው። ስለዚህም በአንድ ማኅበር ላይ ክስ በተነሣ ጊዜ ሕዝቡ ነገሩን የሚመረምርበት መንገድ ሁለት ሆኖ ይገኛል። አንደኛው፥ ምን ሠሩ? ማን አየ? መዝገቡስ የት ነው? ብሎ መጠየቅ ነው። ሁለተኛው ግን፥ እነዚህ ሰዎች በስውር እነማን ናቸው? ከማንስ ጋራ ዶልተዋል? ብሎ መጠየቅ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ አድካሚ ነው፤ ሐኪም፥ ዳኛና ጸሓፊ ይፈልጋል። ሁለተኛው ግን ምንም ድካም የለበትም፤ ለሚናገረውም ለሚሰማውም ይጣፍጣል፤ በአንድ ቀንም ከቤት ወደ ቤት ይዛመታል።

ሁለቱ ጥያቄዎች በአንድ ዘመን በአንድ ማኅበር ላይ ተነሥተው ስለ ነበር፥ ልዩነታቸውን ለመመልከት ከዚያ የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም። ማኅበሩም በአሜሪካ አገር በኦሃዮ ግዛት በሲንሲናቲ ከተማ የሚገኘው ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል የተባለው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት፥ ተለይቶ ካልተጻፈ በቀር፥ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ይህን ማኅበር በ1837 ዓ.ም. ያቋቋሙት ዊልያም ፕሮክተር የተባለ ሻማ ሠሪና ጄምስ ጋምብል የተባለ ሳሙና ሠሪ ሲሆኑ፥ ሁለቱም እኅትማማቾች ያገቡ ነበሩ።

ማኅበሩ በታሪኩ እንደሚተርከው፥ በ1851 ዓ.ም. ገደማ በኦሃዮ ወንዝ ወደብ ከሚሠሩት ጫኞች ብዙዎቹ ፊደል ያልቈጠሩ ስለ ነበሩ፥ የሻማውን ሣጥን ከሌላው ሣጥን ለመለየት በላዩ መስቀል የመሰለ ምልክት ያደርጉበት ጀመር። መስቀሉ ቈይቶ በክበብ ውስጥ ያለ ኮከብ ሆነ፤ ኮከቡም ብዙ ከዋክብት ሆነ፤ በኋላም የሰው ፊት ያለው ጨረቃ ተጨመረበትና፥ የከዋክብቱ ቍጥር አሜሪካን በመጀመሪያ እንዳቆሙት ግዛቶች ቍጥር 13 እንዲሆን ተደረገ። አንድ ጊዜ ባለቤቶቹ ጨረቃው አያስፈልግም ብለው ከሣጥኑ ላይ አንሥተውት ሳለ፥ በኒው ኦርሊንስ ከተማ ያለ አንድ ነጋዴ፥ ምልክቱ የሌለበት ሻማ ተመሳስሎ የተሠራ ነው እንጂ እውነተኛው አይደለም ብሎ አልቀበልም ስላለ፥ ጨረቃው ወደ ቦታው ተመለሰ ይባላል። በ1882 ዓ.ም. ምልክቱ በሕግ ተመዘገበ። እንግዲህ ይህ ሥዕል የተሣለው ማንበብ የማይችል ሰው ዕቃውን ለይቶ እንዲያውቅ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ ግን ማንበብ የሚችሉ ሰዎች ተሳሳቱበት።

በ1980 ዓ.ም. ገደማ በአንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች ስለዚህ ማኅበር ወሬ ተነሣ። በመጀመሪያ የተወራው፥ ከኮሪያ የመጣው የሰን ምዩንግ ሙን ሃይማኖት ተከታዮች ማኅበሩን ገዝተውታል የሚል ነበር። የሰውየው ስም በእንግሊዝኛ ጨረቃ ከሚባለው ቃል ጋራ አንድ ድምፅ ስላለው፥ በሸቀጡ ላይ የተሣለው ጨረቃ ለነገሩ ማስረጃ ሆኖ ተቈጠረ። ጥቂት ቈይቶ ወሬው ሌላ መልክ ያዘ። የማኅበሩ አለቃ በቴሌቪዥን ቀርቦ፥ ከትርፉ ከፊሉን ሰይጣንን ለሚያመልኩ ሰዎች ማኅበር እንደሚሰጥ በገዛ አንደበቱ ተናገረ ተባለ። ይህን ተናገረበት የተባለውም ዝግጅት አንድ ጊዜ የፊል ዶናሂው፥ አንድ ጊዜ የመርቭ ግሪፊን፥ በኋላ ዘመን ደግሞ የሳሊ ጄሲ ራፋኤል ነበር። አለቃው ግን ከእነዚህ በአንዱም ቀርቦ እንዲህ ያለ ነገር አልተናገረም። በዐይኑ ያየ ሰው ጠፋ፤ ያየ ሰው ዐውቃለሁ የሚል ግን በየስፍራው ሞልቶ ነበር።

ወሬው መጻሕፍትን ለሚያነብ ሰውም እንዲጥም ትርጓሜ ተበጀለት። በጨረቃው ውስጥ ያለው ሽማግሌ የጢሙ ጠጕር በመስተዋት ሲታይ በዮሐንስ ራእይ በምዕራፍ 13 የተነገረውን የአውሬውን ቍጥር ያሳያል አሉ፤ ከዋክብቱም በምዕራፍ 12 ስለ ታየችው ሴት አክሊል በተነገረው ላይ ለማፌዝ የተሣሉ ናቸው አሉ። በምዕራፉ የተነገረው የከዋክብት ቍጥር 12 ሲሆን፥ በሣጥኑ ላይ ያለው 13 ነው። ቈጥሮ ያየ ሰው ልዩነቱን ለማግኘት ብዙ ጊዜ አያስፈልገውም ነበር። ነገር ግን አንድ ጊዜ ፌዝ ነው ከተባለ በኋላ ቢመሳሰልም ማስረጃ፥ ባይመሳሰልም ማስረጃ ሆኖ ይቀራል።

ትርጓሜ መጻሕፍት የተማረ ሰው የዚህን አካሄድ ጕድለት ፈጥኖ ያውቀዋል። የአንድምታ መምህር ንባቡን ሳያጸና ወደ ምሥጢር አይሄድም፤ አንድም ብሎ ሁለተኛውን ፍቺ ሲያመጣ፥ የሚፈታው ቃል በመጽሐፉ ውስጥ መኖሩን አስቀድሞ አረጋግጦ ነው። የወሬ ተርጓሚ ግን ንባብ የለውም። በሌለ ንባብ ላይ አንድም፥ አንድም እያለ ይደራርባል፤ ፍቺው ሲበዛ ለሰሚው የነገሩ ጽናት ይመስለዋል።

ነገሩ እየበዛ ሄዶ በ1982 ዓ.ም. በጁን ወር ብቻ ወደ 15000 የሚሆን ጥያቄ በቴሌፎን ወደ ማኅበሩ መጣ። ወሬው የተጻፈበት ወረቀት ከሚታደልበት ስፍራ አንዱ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ወረቀቱን የሚያባዙትም ሰዎች አብዛኞቹ ክፉ ለመሥራት ያሰቡ አልነበሩም፤ ሃይማኖታቸውን የሚወዱ፥ ባልንጀራቸውን ከጥፋት ለማዳን የቸኰሉ ነበሩ። ጥፋቱ ከቅንነታቸው ጋራ መግባቱ ነገሩን ከባድ ያደርገዋል፤ ሐሰተኛ ሰው ሲናገር የሚጠነቀቅ ብዙ ነው፥ ደግ ሰው ሲናገር ግን ማንም አይጠነቀቅምና።

ማኅበሩ በመጀመሪያ ስለ ራሱ ራሱ መሰከረ፤ ይህም ብዙ አልጠቀመውም። ቀጥሎ ጕዳዩ የሃይማኖት መሆኑን ተረድቶ፥ ቢሊ ግራሃምንና ጄሪ ፎልዌልን የመሰሉ በፕሮቴስታንት ምእመናን ዘንድ የታወቁ ሰባክያን ወሬው ሐሰት መሆኑን እንዲናገሩለት አደረገ። በዚያው በ1982 ዓ.ም. ወሬውን በሚያሰራጩ አንዳንድ ሰዎች ላይ ክስ መሠረተ፤ ከተከሰሱትም መካከል በኋላ ቃላቸውን የመለሱ አሉ። ወሬው ለጊዜው ጋብ ብሎ ሁለት ዓመት ያህል ከቈየ በኋላ እንደ ገና ተነሣ። በ1985 ዓ.ም. በአፕሪል ወር ማኅበሩ ጨረቃውንና ከዋክብቱን ከሸቀጡ መጠቅለያ ላይ እንደሚያነሣ አስታወቀ። በ1991 ዓ.ም. ደግሞ የቀረውን ሥዕል አሻሽሎ፥ ቍጥር ይመስላል የተባለውን የጢሙን ጠጕር አስተካከለ።

ይህ እስካሁን የተነገረው የሁለተኛው ጥያቄ ታሪክ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ በዚያው ማኅበር ላይ በዚያው ዘመን ምን እንዳደረገ ደግሞ መመልከት ይገባል።

ማኅበሩ በልማደ አንስት ጊዜ ለሴቶች የሚያገለግል፥ ፈሳሽን እጅግ የሚመጥጥ፥ ሪላይ የተባለ አዲስ ዕቃ ለገበያ አውጥቶ ነበር። በ1980 ዓ.ም. በአሜሪካ በወጣት ሴቶች ላይ ድንገት የሚያተኵስ፥ የደምን ግፊት የሚጥልና አንዳንዶቹንም የሚገድል በሽታ መታየቱን ሐኪሞች አስታወቁ። በአትላንታ ያለው የበሽታ መቈጣጠሪያ ማዕከል ሐኪሞች ነገሩን የመረመሩበት መንገድ ለማንም የሚገባ ነው። በበሽታው የተያዙትን 50 ሴቶች ምን ዐይነት ዕቃ እንደ ተጠቀሙ ጠየቋቸው፤ ከዚያም የእነርሱን ባልንጀሮች፥ በዕድሜ የሚመሳሰሉትንና ያልታመሙትን፥ ይህንኑ ጥያቄ ጠየቋቸው። ከታመሙት ውስጥ ከመቶው 71 ሪላይን የተጠቀሙ ሆነው ተገኙ፤ ካልታመሙት ግን ከመቶው 26 ብቻ ነበሩ። ውጤቱ በሴፕቴምበር ወር እንደ ታወቀ፥ በዚያው ወር በ22 ቀን ማኅበሩ ዕቃውን ከገበያ ማውጣቱን አስታወቀ። በ1982 ዓ.ም. በአይዋ ግዛት የተቀመጡ የሸንጎ ዳኞች ለአንዲት ሟች ቤተሰብ 300000 ዶላር ካሣ እንዲከፈል ፈረዱ።

እንግዲህ አንባቢ ዓመቱን ያስተውል። በ1982 ዓ.ም. አንድ ማኅበር በሠራው ዕቃ ምክንያት ስለ ሞተች ሴት በፍርድ ቤት ተጠይቆ ተፈረደበት፤ በዚያው ዓመት በአንድ ወር ውስጥ 15000 ጊዜ በቴሌፎን የተጠየቀው ግን ስለ ሰይጣን ነበር። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ተገኘ፤ ዕቃው ተነሣ፥ ካሣው ተወሰነ፥ ሌሎቹም የዚህ ሸቀጥ ሠሪዎች እንዲጠነቀቁ ሆነ። ለሁለተኛው ጥያቄ ግን መልስ ሊገኝለት አልቻለም፤ መልስ እንዲኖረው ሆኖ አልተጠየቀምና። በስውር ሰይጣንን አታመልክም? ለሚለው ጥያቄ አላመልክም ከማለት በቀር ምን መልስ አለ? በእውነት የሚያመልክም ሰው የሚመልሰው ይህንኑ ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ጕዳት ግን ሌላ ነው። በሐሰት የታማ ማኅበር፥ ሐሜቱ ሐሰት መሆኑ ከተገለጠ በኋላ፥ በእውነት በሚከሰስበትም ጊዜ ይህ ደግሞ እንደዚያው ወሬ ነው ለማለት መንገድ ያገኛል። ሌሎችም ከእርሱ ይማራሉ። ጕዳት የደረሰበት ሠራተኛ፥ ዕቃው የተበላሸበት ገዢ፥ ውሃው የተመረዘበት ገበሬ አቤቱታ ይዞ በመጣ ጊዜ፥ የማኅበሩ ቃል አቀባይ ነገሩን ሳይመረምር፥ ይህ የስውር ዱለት ወሬ የሚወዱ ሰዎች ነገር ነው ብሎ ሊያሰናብተው ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ወሬ የሚያዛምት ሰው ኀያላኑን የተቃወመ ቢመስለውም፥ መሸሸጊያ የሚሠራላቸው እርሱ ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን፥ ሕዝቡ የሚጠረጥረው ሞኝ ስለ ሆነ ነው ብሎ መናገር ታላቅ በደል ነው። ዱለት በዓለም ላይ አለ። ሰው መጠርጠርን የተማረው ከማኅበሮቹ ከራሳቸው ነው። ለዚህም የትምባሆ ማኅበሮች ታሪክ ይበቃል። ከሲጋራ ጢስ የሚገኘው ዝፍት በአይጥ ቈዳ ላይ ተቀብቶ ነቀርሳ እንዳመጣ በታወቀበት በ1953 ዓ.ም. በዲሴምበር ወር፥ የአሜሪካ ታላላቅ የትምባሆ ማኅበሮች አለቆች በኒው ዮርክ ከተማ በፕላዛ ሆቴል ተሰብስበው መከሩ። ሂል ኤንድ ኖልተን የተባለውንም፥ ሥራው ሕዝብን ማግባባት የሆነውን ድርጅት ቀጠሩ። በ1954 ዓ.ም. በጃኑዋሪ 4 ቀን ከ400 በሚበልጡ ጋዜጦች ማስታወቂያ አውጥተው፥ የሰው ጤና ከማናቸውም ጥቅም እንደሚበልጥባቸው፥ ሲጋራ ጕዳት አለው ብለው ግን እንደማያምኑ ለሕዝብ ነገሩ። ከዚያ በኋላ 40 ዓመት አለፈ። በ1994 ዓ.ም. በአፕሪል ወር የ7 ማኅበሮች አለቆች በአሜሪካ እንደራሴዎች ምክር ቤት ፊት ምለው፥ በትምባሆ ውስጥ ያለው ኒኮቲን ሱስ ያስይዛል ብለው እንደማያምኑ ቃላቸውን ሰጡ። በ1998 ዓ.ም. ዋና ዋናዎቹ ማኅበሮች ለ46 ግዛቶች በ25 ዓመት ውስጥ ቢያንስ 206 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተዋዋሉ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ በዋሽንግተን ከተማ ዳኛ ግላዲስ ኬስለር፥ ማኅበሮቹ በወንበዴዎች ማኅበር ላይ በወጣው ሕግ ጥፋተኞች መሆናቸውን፥ ሕዝቡንም በሲጋራ ጕዳት ነገር ለብዙ ዓመታት ማሳሳታቸውን በረጅም ጽሑፍ ፈረደች።

ይህ እውነተኛ ዱለት ነው። በሐሰተኛው ዱለት ጐን ቢቀመጥ ልዩነቱ ይታያል። እውነተኛው ቀን አለው፤ ስፍራ አለው፤ ሆቴሉ እንኳ ይታወቃል። የዶላቾቹ አሳብ የዓለምን መንግሥት ለመገልበጥ ወይም ለአጋንንት ለመገዛት አልነበረም፤ ሲጋራ መሸጥ ብቻ ነበር። ወረቀት ይጻጻፉ ስለ ነበረ፥ የገለጣቸውም ያው ወረቀት ነው፤ ከቤታቸው የወጡት ደብዳቤዎች በፍርድ ቤት ተቈጥረውና ታትመው ቀረቡ። ሐሰተኛው ዱለት ግን አሳቡ ወሰን የለውም፤ ወረቀትም አይገኝበትም፤ ወረቀት ያልተገኘበትም ምክንያት ሲጠየቅ፥ ዶላቾቹ እጅግ ብልሆች ስለ ሆኑ ነው ይባላል።

ኢትዮጵያን የሚነካውን ምሳሌ መፈለግ አድካሚ አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር፥ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አይሮፕላን በተነሣ በ6 ደቂቃ በቢሾፍቱ አካባቢ ወድቆ የነበሩበት 157 ሰዎች ሁሉ ሞቱ። አይሮፕላኑ ቦይንግ የተባለው የአሜሪካ ማኅበር የሠራው 737 ማክስ ነው። ከ5 ወር በፊት በኢንዶኔዥያ እንዲሁ ዐይነት አይሮፕላን ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። ያን ጊዜ ብዙ ነገር ሊወራ ይችል ነበር። ከሩቅ የተቀመጡ ሰዎችም ጥፋቱን በአብራሪዎቹ ላይ ለመጣል አልዘገዩም፤ በ2019 ዓ.ም. በሜይ ወር በዋሽንግተን በምክር ቤት ጉባኤ ላይ፥ በአሜሪካ የተማረ አብራሪ ቢሆን ኖሮ አይሮፕላኑን ባዳነው ነበር የሚል ቃል ከአንድ እንደራሴ ተሰማ።

በኢትዮጵያ በኩል የተደረገው ግን ሊታሰብበት የሚገባ ነው። አደጋውን የሚመዘግቡት ሁለቱ ሣጥኖች ከተገኙ በኋላ፥ አይሮፕላኑ ወደ ተሠራበት አገር አልተላኩም፤ ወደ ፈረንሣይ የአደጋ መርማሪዎች ተላኩ። በጠብ ውስጥ ከገቡት ከሁለቱ ወገኖች ውጭ የሆነ ሦስተኛ ወገን እንዲያነበው መደረጉ ነው። በአፕሪል 4 ቀን የመጀመሪያው የምርመራ ጽሑፍ ወጣ፤ አብራሪዎቹ የተሰጣቸውን መመሪያ እንደ ፈጸሙ፥ አይሮፕላኑ ግን አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች እንደ መለሰ ተገለጠ። ይህን ያደርግ የነበረው መሣሪያ በአንድ ጠቋሚ ብቻ የሚመራ ሲሆን፥ ከመጀመሪያው አደጋ በፊት ለአብራሪዎች በተሰጠው መጽሐፍ ውስጥ ስለ እርሱ አልተገለጠም ነበር።

በ2021 ዓ.ም. በጃኑዋሪ 7 ቀን የአሜሪካ የፍርድ ሚኒስቴር ማኅበሩን የከሰሰበት ወንጀል ስሙ አሜሪካን ለማታለል መዶለት ነበር። ማኅበሩም ሁለት የቴክኒክ አብራሪዎቹ ስለ መሣሪያው ለአሜሪካ የአቪዬሽን ባለ ሥልጣን እውነቱን እንዳልገለጡ አምኖ፥ ከ2 ነጥብ 5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ። ከሁለቱ አንዱ ለብቻው ተከሶ ቀርቦ በ2022 ዓ.ም. በሸንጎ ነጻ መውጣቱ ደግሞ መነገር አለበት፤ በማኅበር የታመነ ጥፋት በአንድ ሰው ራስ ላይ ሊጸና ይገባዋልን የሚለው ክርክር በብዙዎች ዘንድ አልተዘጋም። የኢትዮጵያ መርማሪዎች የመጨረሻ ጽሑፍ በ2022 ዓ.ም. መጨረሻ በወጣ ጊዜም፥ የአሜሪካና የፈረንሣይ መርማሪዎች ስለ አብራሪዎቹ ሥራ የበለጠ ሊጻፍ ይገባ ነበር ብለው አሳባቸውን በጽሑፍ አስታወቁ። ይህ ክርክር ለኢትዮጵያ የሚያሳፍር አይደለም። ክርክሩ በገጽና በቍጥር የሚደረግ ነው፤ የሚፈልግ ሰው የሁሉንም ጽሑፍ አንሥቶ አመዛዝኖ ሊፈርድ ይችላል። ሰው በቤቱ ተቀምጦ በመስተዋት የሚያነበው ቍጥር ግን ከማንም ጋራ ሊመዛዘን አይችልም።

ከሁሉም የሚያሳዝነው በሕዝብና በማኅበር መካከል የሚደረገው ንግግር በሙሉ በዚህ ወሬ ምክንያት መልኩ መለወጡ ነው። ማኅበሩ ወሬውን ለማስተባበል ባወጣ ቍጥር፥ ከዚያ በፊት ወሬውን ያልሰማ ሰው ይሰማዋል። ዝም ቢል ማመን ነው ይባላል። ምልክቱን ቢያነሣ፥ ለምን አነሣው? የሚል ሌላ ጥያቄ ይወለዳል። በዚህ ተጨንቀው የሚኖሩ የማኅበር ጸሓፊዎች፥ ለእውነተኛም ለሐሰተኛም ጥያቄ አንድ ዐይነት ለስላሳ ቃል መመለስ ይለምዳሉ፤ ደኅንነት ከሁሉ በፊት ነው፥ ነገሩን በጥብቅ እንከታተላለን፥ የሚል ቃል። ሕዝቡም ይህ ቃል ባዶ መሆኑን ስለሚያውቅ፥ ከበስተኋላው የተሸሸገ ነገር አለ ይላል። እንዲህ እያለ አንዱ ሌላውን ሲመግብ ይኖራል።

የመንግሥት ሹማምንትም ከዚህ ልማድ ነጻ አይደሉም። አቤቱታ በደረሰ ጊዜ፥ ምርመራው እስኪያልቅ ምንም አይነገርም ብሎ በሩን የሚዘጋ መሥሪያ ቤት፥ በዘጋው በር ፊት ወሬ ይቆምለታል። የታወቀውን ይህ ታውቋል፥ ያልታወቀውን ይህ ገና አልታወቀም፥ የሚመረምረውም እገሌ ነው፥ በዚህ ቀን ይገለጣል ብሎ መናገር ብዙ ወጪ የለበትም። ሣጥኑን ለሦስተኛ ወገን መስጠት ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ሲንሲናቲ ያለው ማኅበር ስለ ራሱ የመሰከረው አላዋጣው ብሎ ሰባክያንን የፈለገው፥ የራስ ምስክርነት በሰው ዘንድ እንደማይጸና ዘግይቶ ስለ ተረዳ ነው። ነገር ግን እነዚያ ሰባክያን መስካሪዎች እንጂ መርማሪዎች አልነበሩም፤ ስለዚህ ምስክርነታቸው እነርሱን ለሚያምን ብቻ ሆነ።

ስለ ካህናትም አንድ ነገር አለ። ያ ወረቀት በቤተ ክርስቲያን ደጅ መታደሉ፥ ምእመናን በዚያ የተሰጣቸውን ነገር ስለሚያምኑ ነበር። በቅዳሴ ማግሥት አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ወደ አንድ ቄስ መጥቶ፥ አባቴ፥ ይህን ለሕዝቡ ይንገሩልን ባለ ጊዜ፥ ማን ጻፈው? የጻፈውስ የት አየ? ብሎ መጠየቅ ትሕትናን አይቀንስም። ፍትሐ ነገሥት ስለ ምስክሮች ያን ያህል የደከመበት ምክንያት፥ በሰው ስም ላይ የሚነገር ቃል ያለ ምርመራ እንዳያልፍ ነው። የንግድ ማኅበር ነፍስ የለውም፥ በሐሰት ቢታማም አይጐዳም የሚል ሰው ቢኖር፥ በማኅበሩ ውስጥ ሳሙና የሚያፈላውንና ሣጥን የሚሸከመውን ሠራተኛ ያስብ። በፋብሪካው ላይ የተነሣ ወሬ ከአለቃው በፊት የሚደርሰው ለእርሱ ነው።

በሰይጣን ነገር የተነሣው የዚያ ወሬ መጨረሻ ወዲያውኑ አልመጣም። ማኅበሩ ምልክቱን ከሸቀጡ ካነሣ ከ10 ዓመት በኋላ፥ በ1995 ዓ.ም.፥ ተመሳሳይ ሸቀጥ የሚሸጥ የሌላ ማኅበር አከፋፋዮች የድምፅ መልእክት በሚቀባበሉበት የቴሌፎን መሣሪያ አማካይነት ያንኑ ወሬ እንደ ገና አሰራጩት። ቤት እየዞሩ የሚሸጡ ሰዎች ስለ ሆኑ፥ ወሬው የንግድ መሣሪያም ሆነላቸው። ክሱ በዚያው ዓመት ተመሠረተ፤ ውሳኔው የተሰጠው ግን በ2007 ዓ.ም. በማርች ወር በዩታ ግዛት በሶልት ሌክ ሲቲ ነው፤ የሸንጎው ዳኞች ከአከፋፋዮቹ በ4ቱ ላይ 19 ነጥብ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ፈረዱ። በ2013 ዓ.ም. ማኅበሩ አዲስ ምልክት ሲያወጣ፥ ከፊደሎቹ በስተጀርባ የጨረቃ ቅርጽ በቀጭኑ እንዲታይ አደረገ፤ ከዋክብቱ ግን አልተመለሱም።